ያበጠ ባትሪ፤ ከአሶሳ እስከ አሚየን

አሶሳ ገበያ አጠገብ ባለ አንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ በር ላይ አሸዋ የተሞላ የዘይት ቆርቆሮ ተቀምጧል። መጀመሪያ የሲጋራ መተርኮሻ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን አሸዋው ውስጥ እንደ ዳቦ የተነፉ የስልክ ባትሪዎች ተቀብረዋል፤ የአንዳንዱ ጫፉ ብቻ ይታያል።

የሄድኩት ለሥራ ነበር። የጫንነው ፕሮግራም የሚሠራበት አንድ ታብሌት ጀርባው ተከፍቶ ስክሪኑን ወደ ውጭ እየገፋ አስቸገረን፤ ወደ ሱቁ የገባሁት ለእሱ ነው። ልጁ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ከጓደኛው ጋር በበርታ ቋንቋ እያወራ ለእኔ በአማርኛ ይመልሳል። ታብሌቱን በአንድ ጣቱ ነካ አደረገና «ወንድሜ፣ ይሄ አብጧል። ቻርጅ እንዳታደርገው» አለኝ። ለምን እንደሚያብጥ ጠየቅኩት።

«ሙቀት ነው። ውስጡ ጋዝ ይይዛል» አለ። ትንሽ አሰብ አድርጎ ደግሞ፣ «ጋዙ ከየት እንደሚመጣ ግን አላውቅም። ኢንጂነሩ አንተ አይደለህ እንዴ?»

ኢንጂነሩ አላወቀም። ዲግሪዬ የምህንድስና ነው፤ ባትሪ ግን ለእኔ አንድ ትእዛዝ ስጽፍለት ከ0 እስከ 100 ያለ ቁጥር የሚመልስልኝ ነገር ነበር። በቃ። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም።

የዚያን ዕለት ማታ መብራት ሄደ። በስልኬ ቀሪ ቻርጅ (እሱም ያው ባትሪ ነው) ስለ ባትሪ ማበጥና መቃጠል የተጻፉ ጥናቶችን መፈለግ ጀመርኩ። ሶፍትዌር ላይ ያለ ሰው አንድ ልማድ አለው፤ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ መዝገቡን ያነባል። አንዱ ጥናት ወደ ሌላው፣ ሌላው ወደ ቀደመው እየጠቆመ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ሥራ ላይ አደረሰኝ። ርዕሱ ለትልልቅ የሊቲየም ባትሪዎች የሚውሉ አሟሚ ፈሳሾች በእሳት ፊት ምን ያህል አደገኛ እንደሆኑ የሚል ነው። ከደራሲዎቹ ዝርዝር መጀመሪያ ላይ የተጻፈውን ስም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገብረኪዳን ገብረሥላሴ እሸቱ።

ለካ ጋዙ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው የእኛው ሰው ኖሯል።

ሥራውን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (የሳይንሱን ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች፣ የአገር ቤቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሊቲየም ባትሪ ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የካቶዱ ታሪክ ነው። በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም የነዳጅ ኩባንያው ኤክሶን ውስጥ ሆኖ ሊቲየምን በቲታኒየም ዳይሰልፋይድ ንጣፎች መሃል አስገብቶ አስወጣ። በ1980 ጆን ጉድኢናፍ ኦክስፎርድ ላይ ከኮይቺ ሚዙሺማ፣ ከፊሊፕ ጆንስና ከፊሊፕ ዋይዝማን ጋር ኮባልት ኦክሳይድን አመጣ፤ ቮልቴጁ ወደ 4 ከፍ አለ። በ1985 ጃፓን ውስጥ አኪራ ዮሺኖ በሌላው ወገን ንጹሕ የሊቲየም ብረት ማስቀመጡን ትቶ ካርቦን ተጠቀመ። ሶኒ በ1991 ለገበያ አወጣው። ሦስቱ ሳይንቲስቶች በ2019 ኖቤል ሲቀበሉ ጉድኢናፍ 97 ዓመቱ ነበር። ኦክስፎርድ የኮባልቱን ግኝት ፓተንት ለማውጣት ገንዘብ አልከፍልም ስላለ፣ መብቱን ለሃርዌል የአቶሚክ ምርምር ጣቢያ ፈርሞ ሰጥቷል። ከእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ካለው ባትሪ የሮያሊቲ ሳንቲም አላገኘም።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ማንም ብዙ የማያነሳው አንድ ነገር አለ፤ በሁለቱ ዋልታዎች መሃል ያለው ፈሳሽ። ኤሌክትሮላይት ይባላል። ካቶዱ ሙሽራ ከሆነ ኤሌክትሮላይቱ ወጥ ቤት ያለው ሰው ነው። ሊቲየሙ ከወዲህ ወዲያ የሚመላለሰው በእሱ ውስጥ ነው፤ ስሙን ግን የሚጠራው የለም። ፈሳሹ ካርቦኔት ከሚባሉ ኦርጋኒክ አሟሚዎችና አብዛኛውን ጊዜ ሊቲየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት ከሚባል ጨው የተሠራ ነው። ሌላው ክፍል ስንት ጊዜ ተቀያየረ፤ ይህ ጨውና እነዚህ አሟሚዎች ግን ከሶኒ ዘመን ወዲህ ብዙም ሳይለወጡ እስከ ዛሬ አሉ። ጉድለታቸውም ይታወቃል። ይነዳሉ።

የልጁ ጥያቄ መልስም እዚሁ ፈሳሽ ውስጥ ነው ያለው። ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ከካርቦኑ ጋር ሲነካካ ጥቂቱ ይፈርስና ካርቦኑ ላይ ስስ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ጥሩ ነገር ነው፤ ሊቲየሙን ያሳልፋል፣ ፈሳሹን ይከለክላል። ቁስል ላይ እንደሚደርቅ ቅርፊት ቁጠሩት። ሙቀት ሲበዛ፣ ባትሪው ከልኩ በላይ ሲሞላ ወይም ሲያረጅ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። ያኔ ፈሳሹ እንደገና ይፈርሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ኤቲሊን፣ ሃይድሮጅን የመሳሰሉ ጋዞች ይወጣሉ። የታሸገ ከረጢት ውስጥ ጋዝ ከወጣ መድረሻው ማበጥ ነው።

ገብረኪዳንና ባልደረቦቹ በ2013ቱ ሥራ የጠየቁት ከዚያ የባሰውን ነው፤ ከረጢቱ ቢቀደድና ፈሳሹ እሳት ቢይዝስ? ጥናቱ የተሠራው በፈረንሳይ አሚየን ከተማ ባለው የፒካርዲ ዩኒቨርሲቲ የባትሪ ላብራቶሪ እና ኢኔሪስ በሚባለው የፈረንሳይ የኢንዱስትሪ አደጋዎች ተቋም ትብብር ነው። ከአሚየን ሲልቪ ግሩጆንና ስቴፋን ላሩዌል፣ ከኢኔሪስ ጊ ማርሌር አብረውት ፈርመዋል። አካሄዱ ሲነገር ቀላል ነው። የተለመዱትን አሟሚዎች በቁጥጥር ሥር በሆነ የእሳት መለኪያ ውስጥ ማቃጠል፣ የሚጠፋውን ኦክስጅንና የሚወጣውን ጋዝ መለካት፣ ከዚያ የእሳቱን ኃይል ማስላት።

እዚህ ጋ አንድ ቁጥር ልጥቀስ፤ አሶሳ ሆኜ ሳነበው ስላስደነገጠኝ ነው። ለእያንዳንዱ ፈሳሽ ትነቱ ነበልባል ሲቀርብለት ለመቀጣጠል የሚበቃበት ዝቅተኛ የሙቀት መጠን አለ። ለዲሜቲል ካርቦኔት ይህ ልክ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። ለኤቲሊን ካርቦኔት ደግሞ ከ140 በላይ። ባትሪ ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው ይገባሉ፤ አንዱ ስለሚቀጥን፣ ሌላው ጨውን በደንብ ስለሚያሟሟ። አውሮፓ ክረምት ላይ 20 ዲግሪ ምኞት ነው። አሶሳ ግን የካቲትና መጋቢት ላይ ቀኑ ከ30 ያልፋል። ያ የአሸዋ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ፈሳሽ፣ ከረጢቱ ከተቀደደ፣ ክብሪት ብቻ ነው የሚጠብቀው ማለት ነው። ልጁ ይህን ቁጥር አያውቀውም፤ አሸዋውን ግን አዘጋጅቷል።

በዚያው ዓመት ሌላ ሥራ ወጣ፤ የተለመደውን ጨው ሊቲየም ኤፍኤስአይ ከሚባል አዲስ ጨው ጋር ሊቲየም በሞላው ግራፋይት ላይ እያሞቁ ማነጻጸር። በ2014 ደግሞ ሁለቱን ጨዎች ከነአሟሚዎቻቸው አቃጠሏቸው። ውጤቱ ለዜና አይመችም። የተለመደው ጨው ሲቃጠል ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይወጣል፤ ሳንባንና ቆዳን የሚበላ ጋዝ ነው። አዲሱ ጨው ደግሞ ድኝ ስላለበት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይጨምራል። «ይሄ ይሻላል፣ ያንን ጣሉት» የሚል መልስ የለም። ለእኔ የዚህ ሰው ሥራ ክብደት ያለው እዚህ ጋ ነው። በዚያ ሰሞን የባትሪ ዜና ሁሉ «በአምስት ደቂቃ የሚሞላ»፣ «ዕጥፍ የሚሄድ» ነበር፤ እነሱ ደግሞ ሲቃጠል ምን ያህል እንደሚመርዝ በግራም ይመዝናሉ። የእኛ ሙያ ውስጥም አዲስ ነገር የሚሠራ ይጨበጨብለታል፤ ስህተት የሚፈልግ ሰው ግን ስብሰባ ላይ ስሙ አይነሳም።

የቀጣዮቹ ዓመታት ሥራዎች ሲነበቡ ሰውየው ከዚያው ፈሳሽ ጋር እየታገለ እንደቀጠለ ይታያል። በ2016 ጀርመን ኡልም ካለው ከስቴፋኖ ፓሴሪኒ ጋር በሶዲየም ላይ የተሠሩ ኤሌክትሮላይቶችን መረመሩ። ሶዲየም ማለት ያው የገበታ ጨው ውስጥ ያለው ነው፤ አሞሌ ገንዘብ ሆኖ በዞረበት አገር ላደገ ሰው ይህ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። ከዚያ ስፔን፣ ባስክ ምድር ቪቶሪያ ከተማ ያለው ሲአይሲ ኢነርጂጉኔ። እዚያ አብሮት የሚፈርመው ሚሼል አርማን ነው። አርማን ማለት በ1970ዎቹ መጨረሻ ፈሳሹን አውጥተን በፖሊመር ለምን አንተካውም ያለ ሰው ነው፤ ባትሪው ሲሞላና ሲያልቅ ሊቲየም ከወዲህ ወዲያ የሚወዛወዝበትን «ተወዛዋዥ ወንበር» የሚባለውን ሐሳብ ካመጡትም አንዱ ነው። ፈሳሹ እንዴት እንደሚነድ ሲለካ የነበረው ኢትዮጵያዊ፣ ፈሳሹ ይቅር ካለው ፈረንሳዊ ጋር ተቀመጠ። ይሄ መገጣጠም ደስ ይለኛል።

በ2017 አንጌቫንድተ ኬሚ ላይ ያወጡት ሥራ ስለ ሊቲየምና ድኝ ባትሪ ነው። ድኝ ርካሽ ነው፣ ብዙ ይይዛል፤ በግራም 1,675 ሚሊአምፔር ሰዓት። የኮባልቱ ካቶድ በተግባር 140 ገደማ ነው። ችግሩ ድኙ ከሊቲየም ጋር ተዋህዶ እየሟሟ ወደ ማዶ መሻገሩና የሊቲየሙን ፊት መብላቱ ነው። እነ ገብረኪዳን ፖሊመሩ ውስጥ ጥቂት ሊቲየም አዛይድ ጨመሩበት። አዛይድ ፈንጂ ማቀጣጠያ ውስጥ ከሚገቡ ነገሮች ጋር ዘመድ ነው፤ ስሙ ራሱ ያስፈራል። እዚህ ግን ሊቲየሙ ላይ ሲደርስ ይፈርስና ሊቲየም ናይትራይድ የሚባል ጥሩ ቅርፊት ይሠራል። ያው የቁስል ቅርፊት ነው፤ ሆን ተብሎ የተሠራ።

ከዚያ ጀርመን አኸን፣ ከኤግበርት ፊገማየር ጋር፤ ጉዳዩ ሲሊከን ነው። ግራፋይት በግራም 372 ሚሊአምፔር ሰዓት ሲይዝ ሲሊከን 3,500 አካባቢ ይይዛል፤ ሲይዝ ግን ያብጣል፣ መጠኑ ከሦስት ዕጥፍ ያልፋል። ሲያብጥና ሲሟሽሽ ቅርፊቱ በየቀኑ ይሰነጠቃል፣ ፈሳሹ በየቀኑ ያልቃል። በ2019 ያወጡት ሰፊ ግምገማ ቅርፊቱን የሚጠግኑ ጭማሪዎችንና ዱቄቱን የሚያያይዙ ሙጫዎችን ነው የሚመለከተው። በ2021 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ ደግሞ ሲሊከን ያለበትን ባትሪ በፋብሪካ ደረጃ ማምረት ምን እንደሚጠይቅ ጻፉ፤ አርማንም፣ ፓሴሪኒም፣ ፊገማየርም ስማቸው አለበት።

የ2019ኙ ጽሑፍ ላይ ከስሙ በታች ከተዘረዘሩት አድራሻዎች አንዱ መቀሌ ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ፣ የመቀሌ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የማቴሪያል ሳይንስና ምህንድስና ክፍል። አንድ መስመር ናት። ብዙ አንባቢ አያያትም፤ እኔ ግን አሶሳ ጨለማ ውስጥ ሆኜ ከዚህች መስመር ላይ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ፤ ትግራይ ውስጥ ስልክ፣ ባንክና መብራት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ስለ ሰውየው ምንም እያልኩ አይደለም። ስለ አድራሻዋ ነው የማወራው።

ተመራማሪ ከከተማ ከተማ መዞሩ በዓለም ሁሉ ያለ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ጉድኢናፍን ተመልከቱት። ሊንከን ላብራቶሪ 24 ዓመት፣ ኦክስፎርድ 10 ዓመት፣ ከ1986 ጀምሮ በ2023 እስከሞተ ድረስ ቴክሳስ። ሰባ ዓመት፣ ሦስት አድራሻ። ዛሬ አውቶቡሶችና የሶላር ማከማቻዎች የሚሠሩበትን ሊቲየም የብረት ፎስፌት በ1997 ከአክሻያ ፓዲ ጋር ሲያሳትም ሰባዎቹን አጋምሶ ነበር። ሥራ እንዲህ የሚበስለው ወንበር ሳይነሳ ሲቀር ነው። አፍሪካውያንም በዚህ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው አሉ። ሞሮኳዊው ራሺድ ያዛሚ በ1980ዎቹ መባቻ ግሬኖብል ላይ ግራፋይት ሊቲየምን ማስገባትና ማስወጣት እንደሚችል አሳየ። ደቡብ አፍሪካዊው ማይክል ታከሬይ በ1981 ኦክስፎርድ ሄዶ ከጉድኢናፍ ጋር ማንጋኒዝ ላይ የተሠራውን ካቶድ አመጣ፤ ፕሪቶሪያ ተመልሶ ሠራ፤ በ1994 ወደ አሜሪካው አርጎን ላብራቶሪ ሄደ። ታይዋን ታይፔ ውስጥ ደግሞ የቢንግ ጆ ህዋንግ ላብራቶሪ አኖድ የሌላቸው የሊቲየም ባትሪዎች ላይ ያወጣቸውን ሥራዎች ዘርዝራችሁ እዩ። የተስፋዬዎች፣ የአዲሱዎች፣ የኃይለማርያሞች ብዛት የአዲስ አበባ የፈተና ውጤት የተለጠፈበት ሰሌዳ ያስመስለዋል።

ጥሬ ዕቃው ግን እዚህ ነው ያለው። ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ በመኪና ስመለስ መንዲንና ነጆን አልፈን ጊምቢ ስንደርስ ትዝ አለኝ። ከጊምቢ ብዙም ሳይርቅ ቢቂላል የሚባል ቦታ አለ፤ የዓለቱ ውስጥ ብረት፣ ቲታኒየምና አፓታይት አንድ ላይ ይገኛሉ። አፓታይት የፎስፌት ማዕድን ነው። ብረትና ፎስፌት፤ የጉድኢናፍ የ1997 ባትሪ ከሊቲየሙ ውጭ ያለው ነገር። ከዚያም በላይ፣ እንዲህ ካለ ከቅላጭ ድንጋይ ከተገኘ ዓለት የሚወጣ ፎስፌት ቆሻሻው አነስተኛ ስለሆነ ባትሪ ሠሪዎች ይመርጡታል። ሊቲየሙ ደግሞ ለዓመታት ታንታለም ሲወጣበት በኖረው በጉጂው ቀንጢቻ አለ። ኃይሉ? በዚያው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ጉባ ላይ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት አለው። ድንጋይ ባትሪ እስኪሆን መንገዱ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ፤ ማዕድን አለ ብሎ መፎከር የምንችልበት ነገር ነው። ቢሆንም የተረፈው ዝርዝር አጭር ነው፤ ላብራቶሪ፣ ንጹሕና ደረቅ ክፍል፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ሃያ ዓመት የማይነሳ ወንበር።

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ወስኗል። ስለዚህ ባትሪው በየዓመቱ እየበዛ ይመጣል፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ እዚህም ይደርሳል፤ ዕድሜው ሲያልቅም እዚሁ ነው የሚያልቀው። የብረት ፎስፌቱ ከኮባልቱ በብዙ ይሻላል፤ ፎስፈረሱ ኦክስጅኑን አጥብቆ ስለያዘ ሲሞቅ ቶሎ አይለቀውም። ፈሳሹ ግን ያው ፈሳሽ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ምን ጭስ እንደሚጠብቀው፣ ጋራዥ ያለ መካኒክ ያበጠ ሴል ሲያይ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገረው ዕውቀት ተጽፎ አለ፤ የጻፈው የመቀሌ አድራሻ ያለው ሰው ነው፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ የተለካው ፈረንሳይ ነው።

ከመመለሴ በፊት ሱቁ ጋ ሄጄ ነበር። ለታብሌቱ አዲስ ባትሪ ተገኝቶለታል። ለልጁ ስለ ቅርፊቱ፣ ስለ ጋዙ፣ ስለ 20 ዲግሪው ነገርኩት። የገብረኪዳንን ስም ስነግረው «የእኛ አገር ሰው?» ብሎ ሳቀ። ጭሱ ሳንባ እንደሚበላ ስነግረው ግን ሳቁን አቆመ። ቆርቆሮውን አየና፣ «እሺ፣ ይሄን ታዲያ የት ልጣለው?» አለኝ።

አሶሳ ውስጥ የሚረከበው ሰው ማንን እንደምጠቁመው ጠፋኝ። ሌላም ቦታ ቢሆን አላውቅም ነበር። ዝም ስል ቆርቆሮውን አንስቶ ከበሩ ራቅ አድርጎ ማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጠውና ላዩ ላይ ሁለት እፍኝ አሸዋ ጨመረበት።